የጣሳ ወተትና የሕፃናት ምግብ

እናቶች፣ አባቶች! ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሕፃናት ምግብ ነው። እኔ በዕድሜ ልጃችሁ ነኝ። ልጅ ማሳደግን ከእናንተ እማራለሁ እንጂ አላስተምራችሁም። ነገር ግን በትምህርት ቤት ያነበብኩትን ልንገራችሁ፤ ሰምታችሁ እናንተው ፍረዱ።

ሕፃን ሲወለድ ምግቡ አብሮት ይመጣል። ምግቡ የእናቱ ጡት ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት እንገር ይባላል። አንዳንዶች «ቆሻሻ ነው» ብለው ያፈሱትና ለሕፃኑ ቅቤ ያስውጡታል። ይህ ልማድ ይጎዳል። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ ይከላከላል። ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጠነክር ገበሬ ያውቃል አይደል? ልጅም እንዲሁ ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃ እንኳ አያስፈልገውም።

ታዲያ የጣሳ ወተት ከየት መጣ? የውጭ አገር ትልልቅ ኩባንያዎች ይሠሩታል። በአገራቸው የሚወለደው ሕፃን ቁጥር ሲቀንስ ገበያ ፍለጋ ፊታቸውን ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያና ወደ ላቲን አሜሪካ አዞሩ። የነርስ ልብስ የለበሱ ሻጮች ወደ እናቶች ላኩ። ጥቂት ጣሳም በነፃ ሰጡ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ጡት ካልተጠባ ይደርቃል። ነፃው ጣሳ ሲያልቅ ጡቱም ደርቋል። ከዚያ በኋላ እናቲቱ መግዛት ግድ ይሆንባታል። ገንዘብ ሲያጥራት ዱቄቱን ትቀንሳለች፤ ውኃውን ታበዛለች። ውኃው የወንዝ ነው፤ ጡጦውም አልተቀቀለም። ሕፃኑን ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ይከሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሕፃናት ሞተዋል።

ሕዝብ ግን ዝም አላለም። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ኔስሌ የተባለውን የስዊስ ኩባንያ ዕቃ አንገዛም አሉ። በግንቦት 1973 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በጄኔቫ ከተማ ተሰብስበው ደንብ አወጡ። 118 አገሮች ደገፉ፤ አንድ አገር ብቻ፣ አሜሪካ፣ ተቃወመች። ደንቡ የጣሳ ወተት ለሕዝብ ማስታወቂያ እንዳይነገርለትና ለእናቶች በነፃ እንዳይታደል ይላል። በጣሳው ላይም የሕፃን ሥዕል እንዳይኖር፣ ይልቁንም የእናት ጡት እንደሚበልጥ እንዲጻፍ ያዛል።

እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ስለዚህ ጣሳውን አገላብጣችሁ አንብቡ። ምን ተጽፏል? ምን ተሥሏል?

ከውጭ የመጣ ምክር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ፋፋ የተባለው የልጆች ምግብ በስዊድን እርዳታ የተጀመረ ነው። ነገር ግን የተሠራው ከስንዴና ከጥራጥሬ ዱቄት ነው። እናቱ የሞተችበት ሕፃንም የጣሳ ወተት ሊያስፈልገው ይችላል። የታመመች እናትም የጤና ሠራተኛ ታማክር። እንግዲህ ምክር ሲመጣላችሁ «ይህን ብናደርግ ማን ይጠቀማል? ልጃችን ወይስ ሻጩ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ልጁ 6 ወር ሲሞላው ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ ይጀመርለት። የሚያስፈልገው በጎተራችሁ አለ። ሦስት እጅ እህል፣ ማለትም ጤፍ፣ ገብስ ወይም በቆሎ፣ ከአንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ጋር ታምሶ ይፈጭ። ከዱቄቱ ገንፎ ይሠራለት። እንደ ውኃ አይቅጠን፤ በማንኪያ ላይ የሚቆም ይሁን። የተቀቀለና የላመ ጎመን፣ እንቁላልና ጥቂት ቅቤ ይጨመርበት። እጅና ዕቃ በደንብ ይታጠብ። ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥል።

እንቁላሉን ገበያ አውጥቶ ሸጦ ጣሳ ከመግዛት፣ እንቁላሉን ለልጁ ማብላት ይሻላል። አባቶች! ይህ የእናቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዶሮውን የሚሸጠው፣ ገንዘቡንም የሚይዘው ማን ነው?

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። በተለይ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ይነበብ።