የፀሓይ ኃይል በባሕር ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ



በሬ ሣር ይበላል፤ ሣርም ኃይሉን ከፀሓይ ብርሃን ያገኛል። በባሕርስ ሣሩ የት አለ? ብሎ ተማሪ ቢጠይቅ መልሱ እንዲህ ነው። የባሕር ሣር በዓይን የማይታይ፥ በላይኛው ውኃ ተንሳፍፎ የሚኖር ደቂቅ ተክል ነው፤ ብርሃን ወደ ጥልቁ አይደርስምና ከዚያ በታች ሊበቅል አይችልም። ደቂቅ እንስሳት ይህን ተክል ይበላሉ፤ እነርሱንም ትንንሽ ዓሣዎች ይበላሉ፤ ትንሹን ደግሞ ትልቁ ይውጠዋል።

ነገር ግን የተበላው ሁሉ ሥጋ አይሆንም። ዓሣ ሲዋኝና ሲተነፍስ ከበላው የሚበዛውን ያቃጥለዋል፤ ያም ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ከበላተኛ ወደ በላተኛ የሚተላለፈው በግምት አሥራት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ከ1000 ኪሎ ተክል 100 ኪሎ ደቂቅ እንስሳ፥ ከዚያም 10 ኪሎ ትንሽ ዓሣ፥ በመጨረሻም 1 ኪሎ ትልቅ ዓሣ ይገኛል። መምህሩ ይህን በሰሌዳ ከመጻፍ ይልቅ በገብስ ፍሬ ቆጥሮ ቢያሳይ ልጆች ቶሎ ይረዱታል። የጠፋው ኃይል አይመለስም፤ አዲሱ በየቀኑ ከፀሓይ ይመጣል። ከሞተው ከፊሉ ግን ወደ ጥልቁ ወርዶ ይበሰብስና እንደ ፍግ ይከማቻል።

ይህ ፍግ በብዛት ወደ ላይ የሚወጣበት ስፍራ ጥቂት ነው፤ አንዱ በደቡብ አሜሪካ ያለው የፔሩ ባሕር ዳር ነው። በዚያ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከዳር ሲገፋው፥ ቀዝቃዛውና ፍግ ያለበት ውኃ ከሥር ይተካዋል። አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣም ከተክሉም ከደቂቅ እንስሳቱም ስለሚበላ፥ ኃይሉ ብዙ አፍ ሳያልፍ ለአጥማጁ ይደርሳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ተጠመደ። አብዛኛው ግን ለሰው ማዕድ አልቀረበም፤ ተፈጭቶ የዶሮና የዐሣማ መኖ ሆነ። ይህ፥ በእኔ አስተያየት፥ ከአሥራት ላይ ደግሞ አሥራት ማውጣት ነው።

በየጥቂት ዓመቱ ፍግ የሌለበት የሞቀ ውኃ ያን ባሕር ይሸፍነዋል። አጥማጆቹ በልደት በዓል ሰሞን ስለሚመጣ ኤል ኒኞ፥ ማለት ሕፃኑ፥ ብለው ሰየሙት። ማጥመዱ ከልክ አልፎ ሳለ በ1972 ይኸው ደረሰ፤ በ1973 የተያዘው 2 ሚሊዮን ቶን እንኳ አልሞላም። ብዙ ሰው ከሥራ ወጣ፤ የባሕር ወፎችም ተራቡ። ዓሣው ወደ ቀድሞ ብዛቱ የተጠጋው በ1990ዎቹ ነው። የፔሩ መንግሥት ዓሣው በየጊዜው እንዲቈጠር ያደርጋል፤ በ2023ም ያልደረሰው ዓሣ በዝቶ ስለ ተገኘ፥ በሰሜንና በመካከለኛው ባሕር የዓመቱን የመጀመሪያ የማጥመጃ ወራት ሰረዘ።