ስለ በለስ ቁልቋልና ስለ በርበሬ ወጥ

ልጆች ሆይ፤ ዛሬ የምንናገረው በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ላላችሁት ስለሚጠቅም ምግብ ነው። የበርበሬና የበለስ ቁልቋል ጥንተ አገራቸው አሜሪካ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1492 ዓመት በፊት የእኛ ምድር አያውቃቸውም ነበር። የበለሱን ፍሬ በክረምት እንበላለን፤ ቅጠል የሚመስለውን ጠፍጣፋ ግንዱን ግን በድርቅ ጊዜ ለከብት እንሰጣለን። የሜክሲኮ ሰዎች ለጋውን እንደ ጎመን አብስለው ይበሉታል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። እሾሁን በቢላዋ ፍቃችሁ ጣሉ፤ ከትፋችሁ ቀቅሉት፤ ልጋጉም እንዲቀንስ ውሃውን ድፉት። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ፤ በርበሬም ጨምራችሁ እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ፤ በመጨረሻ የተቀቀለውንና ጨውን ጨምሩበት።

ነገር ግን ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። በብዙ ስፍራ ቁልቋል የሚባል ሌላ ዛፍ አለ፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። ወተቱ መርዝ ነው፤ ዓይንንም ያሳውራል። ከበለስ የሚወጣው ግን ልጋግ እንጂ ወተት አይደለም። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁ አትቁረጡ፤ አስቀድማችሁ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ተክልን ለይቶ ማወቅ ከረኃብም ከዕውርነትም ያድናልና።