ስለ ቤት ውስጥ ጁስ ለቅሬአችን አባላት የተደረገ ገለጻ

(በጠቅላላ ጉባኤው ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ፤ ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳ የተለጠፈ)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባችን ሁለት ሐሳቦች ቀርበው ሳይቋጩ አድረዋል። አንደኛው፣ በስብሰባና በለቅሶ ቤት ለስላሳ መጠጥ ማቅረብ ቀርቶ በምትኩ በየቤታችን የሚፈጭ የፍራፍሬ ጁስ ይቅረብ የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ወጣቶቻችን ከማኅበሩ ካዝና የጁስ ማሽን ይገዛልን ብለው ያመጡት ጥያቄ ነው። ብዙ እጅ ወጥቶ ነበር። «ለስላሳ መርዝ ነው፤ ጁስ ግን ከዛፍ የወረደ የፈጣሪ ጸጋ ነው፤ ይህ ምን ያከራክራል?» ያሉም ነበሩ። እኛም ኮሚቴዎቹ ቀደም ሲል በልባችን የምንለው ያንኑ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ይደር ብለን የለመንን እኛው ነን። ምክንያቱን ያን ዕለት አልተናገርንም፤ አፍረን ነው። ዛሬ እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባሎቻችን አንዲት እናት (ስማቸውን አንጠራም፤ እንዲነገር ግን ራሳቸው ፈቅደዋል) የስኳር ሕመም እንዳለባቸው በሐኪም ተነገራቸው። ለስላሳ ይተዉ፣ ሻይም ያለ ስኳር ይጠጡ ተባሉ። እሳቸውም ጨክነው ተዉ። እኛ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ታዲያ ምን አልን? «እትዬ፣ ለስላሳውን ከተዉማ ጁስ ይጠጡ እንጂ! ጁስ ደም ይሆናል፣ ጉልበት ይሰጣል» አልን። አፋችን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ተራ ገብተን ማንጎ እየፈጨን፣ እንዲጥማቸው ብለን ስኳር ጣል እያደረግንበት፣ በሃይላንድ ሞልተን በየቀኑ እናደርስላቸው ነበር። እሳቸውም «ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ሲደክም እንዴት አስተርፋለሁ» እያሉ ይጨርሱታል። ወር ሳይሞላ ጥማቸው በረታ፣ ሽንታቸው በዛ፣ ዓይናቸው ብዥ አለ። አንድ ሌሊት ራሳቸውን ሳቱና በባጃጅ ተወስደው፣ ከዚያም ደሴ ገቡ። ሲነቁ ሐኪሙ ምን እንደሚበሉና እንደሚጠጡ ቢጠይቃቸው፣ «ኧረ እኔ ጣፋጭ የሚባል አልቀምስም፤ ጁስ ብቻ ነው የምጠጣ» አሉት።

ዛሬ እግዜር ይመስገን ደኅና ናቸው፤ እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። እኛ ግን ያን ጊዜ ምን ስናደርግ እንደነበር ማወቅ ግዴታችን ሆነ። ከእኛ ከኮሚቴዎቹ አብዛኞቻችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ስለሆንን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠየቅን፤ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆቻችንም እያነበቡ አስረዱን። የገባንን እንነግራችኋለን።

በሉ ይህን ሳህን ተመልከቱ። በስተቀኝ ያለው በአንድ ትንሽ ጠርሙስ፣ ማለት በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ያለው ስኳር ነው። ወደ 32 ግራም ይሆናል፤ በሻይ ማንኪያ ስምንት ማለት ነው። በስተግራ ያለው ደግሞ ልጣጩና ፍሬው ወጥቶ በተፈጨ 300 ግራም ማንጎ ውስጥ ያለው ነው። እሱ 40 ግራም ገደማ፣ አሥር የሻይ ማንኪያ ነው። አዎን፣ ከለስላሳው ይበልጣል! ይህ እንግዲህ ማንጎው በራሱ የያዘው ብቻ ነው። እኛ ለእናታችን የምንጨምረው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲደመርበት ወደ አሥራ ስድስት የሻይ ማንኪያ ይደርሳል። ይህን ስናውቅ ከመካከላችን አንዱ «እኛ እኮ ጠያቂ ሳንሆን ገዳይ ነበርን» አለ። ቃሉ ከረረ፤ ቢሆንም ማናችንም አልመለስንለትም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብን። ማንጎ ለስላሳ ነው እያልን አይደለም። ማንጎ ለዓይን የሚሆን ቫይታሚን አለው፣ ቃጫ አለው፣ ሌላም ብዙ ነገር አለው። ለስላሳ ከስኳርና ከውኃ በስተቀር እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለውም። ደግሞም ፍራፍሬ በዝቶ የጎዳው አገር ላይ አይደለንም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከመቶ ሰው ከዘጠና አምስት የሚበልጠው የሚገባውን ያህል ፍራፍሬና አትክልት እንደማይበላ ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም ይላል። ከእኛ ውስጥ ማን ነው ይህን የሚያደርስ? ከሐይቁ ዳር ጓሮ አቡካዶና ዘይቱን እያለ፣ ከአምባሰል ቆላና ከመርሳ በኩል ማንጎና ፓፓያ እየመጣልን፣ እኛ ሸጠነው ማካሮኒ እንገዛበታለን።

ጥያቄው ስለዚህ ፍራፍሬ ጥሩ ነው አይደለም የሚል አይደለም። የሚበላውን ወደሚጠጣ ስንለውጠው ምን ይሆናል የሚለው ነው።

አንድ ሰው ተቀምጦ ሦስት ማንጎ ይበላል? አንዱን ጨርሶ፣ ሁለተኛውን እያላመጠ፣ ክሩ ጥርሱ ውስጥ እየገባ፣ እጁን ሊታጠብ ይነሣል። ሦስቱ ሲፈጩ ግን በአምስት ጉንጭ ያልቃሉ፣ ሰውየውም «ምሳ ደረሰ ወይ?» ይላል። ይህን እኛ ብቻ አይደለንም ያየነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች አሥር ሰዎች ሰብስበው አንድ ጊዜ ፖም እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ተፈጭቶ፣ አንድ ጊዜ ተጨምቆ ሰጧቸው። ጭማቂው ከሙሉው ፖም አሥራ አንድ እጥፍ ፈጥኖ አለቀ። ሆድ የሞላው ሙሉው ነው፤ ቀጥሎ የተፈጨው፤ ጭማቂው መጨረሻ ሆነ። በአሜሪካም የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ187 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ውጤት፣ ሙሉ ፍራፍሬ፣ በተለይም ወይንና ፖም የመሰለውን፣ አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በስኳር ሕመም የመያዛቸው ዕድል ሲያንስ፣ ጭማቂ የሚያዘወትሩት ግን እንደበለጠባቸው ያሳያል።

እዚህ ላይ ለማሽኑ አንድ ምስክርነት እንስጥ፤ ወጣቶቻችን ተቆጥተው እንዳይወጡብን። መፍጨትና መጭመቅ አንድ አይደሉም። ብርቱካን ጨምቀን ገለባውን ስንጥል ቃጫውን ነው የጣልነው። በማሽን ስንፈጭ ቃጫው ይደቃል እንጂ አብሮ አለ፤ ዘሩ ጭምር ሲፈጭ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ያን ያህል እንደማይጣደፍ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ጥፋቱ የሚመጣው ፈጭተን ስናበቃ በወንፊት ስናጠለው ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ዘይቱንን የምናደርገው እንዲህ ነው፣ ዘሩ ጥርስ ይሰብራል ብለን። ሳይጠለል የማይጠጣ ከሆነ በጥርሳችን እንብላው። ዘይቱን በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ወደ አራት እጥፍ ይበልጣል። ይህ ቫይታሚን በጤፉና በምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደማችን እንዲገባ ይረዳል፤ ለነፍሰ ጡር እኅቶቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከምሳ ጋር ዘይቱን በልቶ ቡናውን ትንሽ ማዘግየት ይበጃል ይላሉ፣ ቡና ብረቱን ያስቀራልና። ወሎ ላይ ሆነን ቡናን አዘግዩ ማለት ግን ለኮሚቴም ከባድ ስለሆነ እዚህ ላይ ዝም እንላለን።

ስለ ልኩ ደግሞ እንንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ጎልማሳ በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከስኳር የሚመጣው ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከዚያም በግማሽ እንዲያንስ ይላል። አሥር እጁ ወደ 50 ግራም፣ ግማሹ 25 ግራም ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ የተጨመረ ስኳር፣ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ይገባሉ፤ በሙሉ ፍሬው ውስጥ ያለው አይገባም። በገደሉ ላይ በስንት መከራ የሚቆረጠው የአምባሰል ማራችንም ከስኳሩ ወገን ተቆጠረ ማለት ነው። «ስኳር ሳይሆን ማር ነው የጨመርንበት» እያልን የምንጽናና አለን፤ እኛም ብለናል። በእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት ምክር ጭማቂውም ሆነ የተፈጨው ተደምሮ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር አይለፍ ነው። ይህ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። በጁስ ቤት የሚቀዳውን ያን ረጅም ብርጭቆ አስቡት እንግዲህ።

አቡካዶ ለብቻው ይነገር። ስኳር የለውም ቢባል ይቀላል፤ ስቡ ጥሩ ስብ ነው፣ ቃጫውም ብዙ ነው። በጾም ወራት ወተትና ሥጋ ለተወ ሰው፣ በረመዳንም ሌሊት ለሱሑር የሚሆን፣ ሆድ የሚይዝ ምግብ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፤ አራት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት አቡካዶ አይመስለንም። በሎሚ ሞክሩት። ሦስት ቀን አይጥማችሁም፤ ኮሚቴው ሞክሮ በአራተኛው ቀን ለምዶታል። ስፕሪስ የሚወድ ደግሞ አቡካዶውን አብዝቶ ማንጎውን ከላይ በማንኪያ ጣል ያድርግ። በኢፍጣር ሰዓት ባዶ ሆድ ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ማንጎ በስኳር መቸለሱን ግን እንተው፤ ቴምሩና ውኃው ይቅደም።

አሁን ስለ ውኃው። የቤት ጁስ ንጹሕ ነው እንላለን፣ በእጃችን ስለሠራነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት በጅማ ከተማ ካፌዎች የሚሸጥ የአቡካዶ፣ የፓፓያና የአናናስ ጁስ ሲመረመር ጀርም በብዛት ተገኝቶበታል። ካፌ ነው ብለን አንለፈው፤ ጀርሙ የሚገባው በውኃ፣ በእጅ፣ በቢላዋና በደንብ ባልታጠበ ማሽን ነው፤ እነዚህ ሁሉ በየቤታችን አሉ። ጁስ አይፈላም፤ እንደ ወጥ እሳት አያየውም። ስለዚህ የሚቀጠንበት ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ውኃ አጋር በልኩ ተጨምሮበት ግማሽ ሰዓት የቆየ ይሁን። ፍሬው ከመላጡ በፊት ይታጠብ፤ ቢላዋው ከልጣጩ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና። የተፈጨ ጁስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣና ማቀዝቀዣ ከሌለ ይደፋ። መብራቱ ጠፍቶ የዋለበት ማቀዝቀዣ፣ ማቀዝቀዣ አይባልም።

ሕፃናትን በሚመለከት አጭር ነው። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ጁስ አይሰጥ። ከዓመት እስከ ሦስት ዓመት ያለው ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 መክሯል። በጡጦ አድርጎ አፉ ላይ ትቶ ማስተኛት ጥርሱን ያበሰብሳል። ፓፓያውንና ሙዙን በሹካ ዳምጠን በማንኪያ ብናበላው ይሻለዋል።

እንዲሁም የስኳር ሕመም ያለባችሁ አባላት ከዚህ ገለጻ ተነሥታችሁ ጁስ ፈጽሞ እንዳትፈሩ። መርፌ ወይም ኪኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ወርዶ ላብ ላብ ሲለው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ያኔ ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጁስ ወይም ለስላሳ ሕይወት ያድናል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይፍሰስበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጥ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ደግሞ ሙዝ፣ ብርቱካንና አቡካዶ ሳያበዛ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። እንደምታውቁት በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ በሐይቅና በውጫሌ ባለፈ ጊዜ የቅሬአችን ድስትና ሳህን እንደወጣ ቀርቷል፤ ዕቃችንን አንድ በአንድ ስንተካ ነው የከረምነው። ስለዚህ ካዝናው ሲከፈት እጃችን ይንቀጠቀጣል። ይህም ሆኖ ኮሚቴው ማሽኑ ይገዛ ይላል፤ ወጣቶቹ ልክ ናቸው። በለቅሶ ቤትና በስብሰባ ለስላሳው ይቅር፤ በምትኩ በመጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያም ተቆርጦ በትሪ የሚዞር ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን ይቅረብ። ጁስ ሲቀርብ አቡካዶ በሎሚ ይሁን፤ የሚቀዳውም በሻይ ብርጭቆ ይሁን፤ ስኳሩ ለብቻው በሳህን ይቀመጥ፤ የፈለገ ራሱ ይጨምር፤ ያልፈለገ አይገደድ። ማንም ለታማሚ ጁስ በሃይላንድ ይዞ አይሂድ፤ ታማሚውን ወይም አስታማሚውን ጠይቆ የሚበላውን ፍሬ በሙሉው ይውሰድ። ይህን ለድምፅ እናቀርባለን።

የተነሣሁበትን ሳልጨርስ፣ እናታችን አንድ ቃል ጨምሩልኝ ብለውናል። «እነዚህን ልጆች አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም ብሆን ለሌላው ያንኑ ነበር የማመጣ» ብለዋል።

ሐሳቡ ካለፈ ማሽኑ የሚቀመጠው ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር በዕቃ ቤት ነው። የሚፈልግ አባል ከአንድ ቀን በፊት በጸሐፊው ዘንድ ይመዝገብ። ሲመልስ ምላጩ ተፈትቶ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ ይሁን። እርጥብ ማሽን አንቀበልም።