ዘበኛው ነቅቷል ወይ? ስለ ቤት ኮምፒውተርና ስለ አንቲቫይረስ ምርጫ



የሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች የጠራችሁኝ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ነው። «ለቤታችን ኮምፒውተር የትኛው አንቲቫይረስ ይሻለናል?» ኮምፒውተር መጠገንና ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ሳልጠየቅ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። መልሱን እስከ መጨረሻ አላቆየውም። ቤታችሁ ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ አንቲቫይረስ አላችሁ። ተጨማሪ ገንዘብ አልተከፈለበትም፣ ከሰው ፍላሽ አልተቀዳም፤ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ መጥቷል። ስሙ ዲፌንደር ነው። ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። የሚበቃው ግን ነቅቶ ካለ ነው። በከተማችን ብዙ ላፕቶፕ ከሱቅ ወጥቶ ቤት ሲደርስ ዘበኛው አስቀድሞ ተኝቷል፤ ያስተኛነውም እኛው ነን።

እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። አንድ አባት ለልጁ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛና «ዊንዶውስና ኦፊስ ጫንልኝ» ይላል። ፈቃድ አልተገዛም፤ ስለዚህ ባለሙያው ከጫነ በኋላ አክቲቬተር የሚባለውን ፕሮግራም ያስነሣል። ዲፌንደር ይህን ፕሮግራም ገና ሲያየው አደገኛ ነው ብሎ ይይዘዋል። ሥራው መጠናቀቅ አለበትና ባለሙያው ዲፌንደሩን ያጠፋዋል፤ ወይም «ይህን ፎልደር አትፈትሽ» ብሎ ያዘዋል። ሲ ድራይቭን በሙሉ አትፈትሽ የተባለ ማሽንም አይቻለሁ። ከዚያ ደንበኛው እንዳይሰጋ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ የተሰበረ፣ ሌላ አንቲቫይረስ ይጭንለታል። አርማው ከሰዓቱ አጠገብ ይታያል፤ አባትየው አመስግኖ ይሄዳል። የዚህ አንቲቫይረስ የፈቃድ ቁልፍ ሕገወጥ መሆኑ ሠሪው ድርጅት ዘንድ የታወቀ ዕለት ይታገዳል፤ አዳዲስ ቫይረሶችን የሚያሳውቀው መረጃ መምጣቱም ያቆማል። አርማው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አንቲቫይረስ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል፤ ይህ ቤተሰብ ግን ተጠብቄአለሁ ብሎ የመጣለትን ሁሉ ይከፍታል።

ባለሙያዎቹን ልወቅስ አልመጣሁም። እነሱ የሚሠሩት ደንበኛ በጠየቀውና በከፈለው ልክ ነው። ፈቃዱ የሚሸጠው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከመቶ ብር በላይ ሆኗል፤ ገንዘቡ ያለው ሰው እንኳ ወደ ውጭ የሚከፍልበት ካርድ በቀላሉ አያገኝም። ይህን ችግር አውቀዋለሁ፣ እኖረዋለሁ። ዲፌንደርን አጥብቄ የምመክረውም ለዚሁ ነው። ዓመት ሲሞላ የሚታደስ ክፍያ የለውም፤ ክራክ የሚያስፈልገውም አይደለም።

ቫይረስና ያለ ፈቃድ የሚደረግ ቅጂ ከመነሻቸው የተጣበቁ ናቸው። በግል ኮምፒውተሮች ላይ መጀመሪያ ከተዛመቱት አንዱ የሆነውን ብሬይን የተባለውን ቫይረስ በ1986 እ.ኤ.አ. የጻፉት በፓኪስታን ላሆር የነበሩ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። የሠሩትን የሕክምና ፕሮግራም ሰዎች እየገለበጡ ስላስቸገሯቸው ገልባጮቹን ለመድረስ እንዳደረጉት ተናግረዋል፤ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ሳይቀር ውስጡ ጽፈውበት ነበር። በፍሎፒ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እያለ አገር ለአገር ዞረ። የዛሬዎቹ እንደዚያ የዋህ አይደሉም። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ራንሰምዌር በአብዛኛው ወደ ቤት ኮምፒውተር የሚገባው በክራክና በአክቲቬተር ተሸፍኖ ነው። ከገባ በኋላ ፎቶውንም ሰነዱንም ይቆልፋል፤ መክፈቻውን ለመስጠት ገንዘብ ይጠይቃል። «አንቲቫይረሱን ካላጠፋችሁ አይጫንም» የሚል መመሪያ ያለው ፕሮግራም ሲገጥማችሁ በሩን ክፈቱልኝ ከማለት ለይታችሁ አትዩት።

አሁን ወደ ፍላሽ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። የከተማችን ሐይቅ ከጥቁር ውኃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚያፈስበት መውጫ የለውም። ኢንተርኔት የሌለው የቤት ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው፤ በፍላሽ የገባው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ኢንተርኔት ስለሌለኝ ቫይረስ አያገኘኝም የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ ባየሁት ግን ከሁሉ የበለጠ የተጨናነቁት እነዚያ ማሽኖች ናቸው።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተመራቂ ተማሪ እያለቀሰች መጣችብኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም አንድ ፎቶኮፒ ቤት ገብታ ፍላሿን ስትሰካ ፎልደሮቿ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። የቤቱ ሠራተኛ «ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ይደረግ» አላት። እሺ አለች። ፎርማት አደረጉት። ጽሑፉ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍላሹ ውስጥ ነበር። ይህ ቫይረስ ፎልደሮችን አያጠፋም፤ ይሰውራቸውና በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። ያንን ስንጫን ቫይረሱ ይነሣል፤ እንዳንጠራጠርም የተሰወረውን ፎልደር ከፍቶ ያሳየናል። የምናውቀው ነገር ስለተከፈተልን ምንም የሆነ አይመስለንም፤ በዚያው ቅጽበት ግን ኮምፒውተሩ ተይዟል። እሷ ወደ እኔ በመጣች ጊዜ በፍላሹ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበት ስለነበር ያዳንኩላት ግማሹን ብቻ ነው። የቀረውን ሌሊት ለሌሊት እንደገና ጻፈችው።

ስለዚህ ፍላሻችሁ ሾርትከት በሾርትከት ሲሆን ማንም ፎርማት እንዲያደርገው አትፍቀዱ። ፍላሹን በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ክፈቱ። የተያዘው ቦታ እንደ ቀድሞው ከሆነ ፋይላችሁ አለ። ኮምፒውተሩ የተሰወሩ ፋይሎችን እንዲያሳይ ማዘዝ፣ ወይም አትሪብ በተባለው ትእዛዝ መሸሸጊያውን መግፈፍ ይቻላል፤ ከደቂቃዎች በላይ አይወስድም። ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሣበትን መንገድ ማይክሮሶፍት በ2011 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱ የኛን ጣት ይጠብቃል። የተሰካ ፍላሽ ከመከፈቱ በፊት «ስካን» ማለትን ልጆቻችሁ እጅ እንደ መታጠብ ይልመዱት። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ከሰው ፍላሽ የምትቀዱም ብዙ ናችሁ። ዊንዶውስ ከቪስታ ዘመን ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድ በውስጡ ስላለው ለዚያ ሲባል የማይታወቅ ፍላሽ መስካት አያስፈልግም።

ስለ ሌሎቹ ስሞችም መጠየቃችሁ አይቀርም። በየጥገና ቤቱ የማየው ስማዳቭ የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው፤ ትኩረቱ በፍላሽ የሚመጡ ቫይረሶች ላይ ነው፤ ሠሪዎቹም ከዋናው አንቲቫይረስ ጎን እንዲቆም እንዳዘጋጁት ይናገራሉ። ብቻውን እንዲጠብቃችሁ አትተዉት። ካስፐርስኪን በተመለከተ የአሜሪካ መንግሥት በሰኔ 2016 በአገሩ እንዳይሸጥ ከልክሏል። የተሰጠው ምክንያት ኩባንያው የሩሲያ መሆኑ እንጂ ቫይረስ መያዝ አለመቻሉ አልነበረም፤ ኩባንያውም ክሱን አይቀበልም። አቫስት ደግሞ የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ በሥሩ በነበረ ኩባንያ በኩል ሲሸጥ ተደርሶበት በየካቲት 2016 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። ቤታችን የምናስገባው ዘበኛ የምንሄድበትን ሁሉ እየመዘገበ ለጎረቤት የሚሸጥ ከሆነ ከሌባው በምን ተለየ? ነፃ የሚባል አንቲቫይረስ ስትመርጡ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የራሴን ቃል ብቻ እንድትቀበሉ አልፈልግም። በጀርመን ማግደቡርግ ያለው ኤቪ ቴስት እና በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ አንቲቫይረሶችን በየጊዜው እየፈተኑ ውጤቱን ለሁሉም ያወጣሉ። ኤቪ ቴስት ለጥበቃ፣ ለፍጥነትና ለአጠቃቀም ለእያንዳንዳቸው እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል፤ ሙሉው 18 ነው። ዲፌንደር ባለፉት ዓመታት በዚያ ሠንጠረዥ ከታወቁት የሚከፈልባቸው ጋር ተሰልፎ ቆይቷል። መክፈል የምትችሉና የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚያ ሠንጠረዥ መርጣችሁ በሕጋዊ ፈቃድ ግዙ፤ ጥሩ ነው። ሁለት ዋና አንቲቫይረስ ጎን ለጎን ግን አታስነሡ፤ እርስ በርስ እየተፈታተሹ ማሽኑን ያደክሙታል።

ስለ አፕዴትም ልንገራችሁ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በዓለም ላይ ሲፈነዳ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ መለሱ። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት የወጣው ግን መጋቢት 5 ቀን 2009 ነበር፤ ጥቃቱ ሲደርስ ሁለት ወር ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። የተያዙት አፕዴቱን ያላደረጉ ናቸው። በእኛ አገር አፕዴት የሚጠላው ዳታ ስለሚበላ ነው፤ በሞባይል ጥቅል ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ሰበብ ብቻ ነው ማለት አልችልም። መንገድ ግን አለው። የዲፌንደርን መረጃ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በአንድ ፋይል ማውረድ ይቻላል፤ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንድ ሰው አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ለአምስት ቤት ሊያደርስ ይችላል። ጎረቤት ሆነን ቡና ተጠራርተን ስንጠጣ ይህንንም በወር ሁለት ጊዜ ማድረግ አያቅተንም።

ሌላም አስቸኳይ ነገር አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። የዲፌንደሩ የቫይረስ መረጃ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል፤ የዊንዶውሱ ቀዳዳዎች ግን ለተራዘመው ድጋፍ ካልተመዘገባችሁ በቀር አይደፈኑም። ጠባቂው በር ላይ ቆሞ ግድግዳው ቢፈርስ ምን ይረባል? ዛሬ ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ስለ ራምና ስለ ሃርድ ዲስክ ብቻ አትጠይቁ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ስለሆነ «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» በሉ።

ገንዘብ ያለው ሰው ምን ይግዛ ብትሉኝ ከአንቲቫይረስ አስቀድሜ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እላለሁ። የሠርግ ፎቶ፣ የልጆች ሰርተፊኬት፣ የቤት ካርታ ስካን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በየሳምንቱ ይገልበጥበት፤ ሲያልቅ ይነቀልና ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባ። እንደተሰካ የተተወ ዲስክ ራንሰምዌር ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። የተነቀለውን ግን የትኛውም ቫይረስ አይደርስበትም።

ከአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ላፕቶፖች አዘጋጅቻለሁ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ዲፌንደራችሁ በርቶ እንደሆነ፣ «አትፈትሽ» የተባለ ፎልደርም ካለበት አብረን እናያለን። ሾርትከት የሆነ ፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ወደፊት ቅረቡ፤ ፋይላችሁን ሳላወጣ አልሄድም።