በአየር ላይ ሶብር



ለዑምራ ወደ ጂዳ ስንጓዝ ከኋላችን የተቀመጠ ወንድም ወንበራችንን በጉልበቱ እየገፋ፣ ቀበቶውን እንዲያስር የነገረችውን አስተናጋጅ እየተቆጣ አስቸገረን። ዞር ብለን በቁጣ መለስንለት፤ እሱም ባሰበት። ዑምራን የነየትን ሰዎች ጭቅጭቅ ውስጥ ገባን። ኋላ አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ በለሆሳስ ስታነጋግረው የመጀመሪያ በረራው እንደሆነና ቀበቶ ማሰር እንዳልቻለ ታወቀ። ብልግና ያልነው ፍርሃትና እፍረት ኖሯል! ያን ቀን በራሳችን አፈርን።

ይህ ሲባል ግን ጥፋት ሁሉ ይታለፍ ማለት አይደለም። ሰክሮ የሚያውክ ወይም እጁን የሚሰነዝር ሲያጋጥመን ለአስተናጋጆቹ እንንገር እንጂ ራሳችን ዳኛ አንሁን። እ.ኤ.አ በ1963 የተፈረመው የቶኪዮ ስምምነት ለአውሮፕላኑ አዛዥ አዋኪውን የመቆጣጠር፣ ባረፈበት የማስወረድና ጥፋቱ ከባድ ከሆነም ለሕግ አካላት የማስረከብ ሥልጣን ሰጥቶታል። በ2014 ሞንትሪያል ላይ የወጣው ፕሮቶኮል ደግሞ ከ2020 ጀምሮ፣ በተቀበሉት አገሮች ዘንድ፣ አውሮፕላኑ ያረፈበት አገር ጥፋተኛውን እንዲዳኝ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ሥራው ባለቤት አለው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ መክረዋል። አውሮፕላን ላይ ቀድሞውንም ተቀምጠናል፤ ወገባችንም ታስሯል። የቀረን ምላሳችንን ማሰር ነው።

አላህ ለሶብር ይወፍቀን።