የማይቈጠረው ድል፤ የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ረዳት አሠልጣኝነት እንደ ሙያ



ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ አሰንዳቦ አካባቢ ሲደርስ ዐይኑን የሚስበው የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። በ2004 ሥራውን የጀመረው ይህ ግድብ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ይሁን እንጂ ውሃው ወደ ኀይልነት የሚለወጠው ሐይቁ ላይ ሳይሆን፣ ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ተጕዞ ከምድር በታች በተሠራው ማመንጫ ቤት ነው። ይህን መንገደኛው አያየውም፤ መሐንዲስ ግን ያውቀዋል። የዛሬው ንግግርም የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ከዐይን የተሰወረ ሥራ ነው፤ ይኸውም የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ረዳት አሠልጣኝ የምትሠራውን። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቅርጫት ኳስን በ1891 በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈለሰፉት ጄምስ ናይስሚዝ የተባሉ ካናዳዊ መምህር ናቸው። በዓመቱ፣ በ1892፣ ሰንዳ በርንሰን የተባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሕጉን አሻሽለው በስሚዝ ኮሌጅ ለሴት ተማሪዎች አስተማሩት። የሴቶች ቅርጫት ኳስ እንግዲህ ከልደቱ ጀምሮ በኮሌጅ ያደገ ነው። ወደ ኦሊምፒክ ለመግባት ግን እስከ 1976 መጠበቅ ነበረበት፤ ወንዶቹ ከገቡ አርባ ዓመት አልፎ ነበር።

ረዳት አሠልጣኝ ምን ትሠራለች? አዲስ ተጫዋቾችን ትመለምላለች፤ የተጋጣሚን ቡድን አጨዋወት አስቀድማ ታጠናለች፤ የእያንዳንዷን ልጅ ጕድለት ለይታ ለብቻዋ ታለማምዳለች፤ የትምህርት ውጤቷን ትከታተላለች፤ የተሸነፈችውን ታጽናናለች። በውጤት መዝገብ ላይ ግን ስሟ አይሰፍርም።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆኑት በአሜሪካ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሠልጣኝ ክሪስ ዴይሊ ናቸው። ተማሪ ሳሉ በ1982 ብሔራዊ ዋንጫ የወሰደው የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አባል ነበሩ። በ1985 ከዋና አሠልጣኙ ከጂኖ ኦሪያማ ጋር ወደ ኮኔቲከት ሲመጡ፣ የዚያ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ከዚያ በፊት በነበረው ዕድሜው ከሽንፈት ይልቅ ድል ያበዛበት የውድድር ዘመን አንድ ብቻ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ ያደረጋቸውን 35 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ አነሣ፤ እስከ 2025 ድረስም የዋንጫዎቹ ቍጥር ዐሥራ ሁለት ደረሰ። ምልመላውና የቡድኑ ሥነ ሥርዓት በአመዛኙ በዴይሊ እጅ ነበር። በ2021 ዋና አሠልጣኙ በኮሮና በሽታ ምክንያት ሲቀሩ፣ ዴይሊ በብሔራዊው ውድድር ቡድኑን ለሁለት ጨዋታ መርተው ሁለቱንም አሸነፉ። እንዲህ ያለው ድል ግን የሚቈጠረው በዋናው አሠልጣኝ ስም ነው። ኦሪያማ በኅዳር 2024 በ1,217ኛው ድላቸው በአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የድል ብዛት ቀዳሚ ሲሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁለቱንም በአንድነት ማክበሩ ስለዚህ ተገቢ ነበር። ቍጥሩ የአንድ ሰው ቢሆንም ሥራው የሁለት ነውና።

ከዚህ ታሪክ ጐን ሌላም ትምህርት አለ። በአሜሪካ በ1972 በትምህርት ቤቶች የፆታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ፣ የኮሌጅ ሴቶች ቡድኖችን ከሚያሠለጥኑት ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። ሕጉ ለሴቶች ስፖርት በጀትና ደመወዝ ሲያስገኝ ግን ሥራው ወንዶችን ሳበ፤ በ2014 የሴቶቹ ድርሻ ከመቶ አርባ ሦስት ገደማ ሆነ። ገንዘብ ብቻውን ሴቶችን ለወንበሩ አላበቃም ማለት ነው። ወደ ወንበሩ የሚያደርስ መሰላል ያስፈልጋል፤ የመሰላሉም የመጀመሪያ እርከን ረዳት አሠልጣኝነት ነው።

በአገራችንም የዚህ ዓይነት ሥራ ፍሬ በሩጫ ታይቷል። በአርሲ በቆጂ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱ በ1992 በባርሴሎና በዐሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ጥሩነሽም በ2008 በቤጂንግ በአምስት ሺህና በዐሥር ሺህ ሜትር ስትደግም፣ ዓለም ያየው የመጨረሻውን ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር የተሮጠው በበቆጂ ነበር።

እንግዲህ ከአሰንዳቦ ተነሥታ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምትገባ አንዲት ልጃገረድን እናስብ። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውሕደት የተመሠረተ፣ ለቡና አምራች ከተሞቹ ልጆች ቅርብ የሆነ ተቋም ነው። ልጅቱ በትምህርት ዘመኗ ቅርጫት ኳስ ብትለማመድና የቡድን አምበል ለመሆን ብትበቃ፣ በምረቃዋ ማግሥት ያ ሁሉ ዕውቀት ወዴት ይሄዳል? ደመወዝ ያለው የረዳት አሠልጣኝነት መደብ ካልጠበቃት ከእርሷ ጋር ይሄዳል፤ ተከታይዋም ከባዶ ትጀምራለች። ጕዳቱ የአንድ ቡድን ሽንፈት ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው የተከማቸ ልምድ ሳይወረስ መቅረቱ ነው። ያለፈውን ሥራ መዝገብ ጥሎ አዲስ ሥራ የሚጀምር መሐንዲስ ምን እንደሚደርስበት ለዚህ ማኅበር አባላት ማስረዳት አያሻም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይገባሉ። አንደኛ፣ ኮሌጆች የሴቶች ቡድን ሲያቋቁሙ የረዳት አሠልጣኝነት መደብ ከነደመወዙ ይያዝ፤ ከቀድሞ ተጫዋቾች መካከል ብቁ ለሆኑት ሴቶችም ይከፈት። ሁለተኛ፣ ረዳቷ የልምምዱንና የጨዋታውን ውሎ በመዝገብ ታስፍር፤ መዝገቡም የተቋሙ ንብረት ይሁን። ሦስተኛ፣ በሹመት ጊዜ የረዳትነት ዘመኗ እንደ ሙያ አገልግሎት ይቈጠርላት።

የስፖርት ሜዳ ንድፍ ወደ መሐንዲስ ጠረጴዛ ሲመጣ፣ የሚጠየቀው ርዝመቱ 28 ሜትር፣ ወርዱ 15 ሜትር፣ የቅርጫቱም ከፍታ 3.05 ሜትር መሆኑ ብቻ ሊሆን አይገባም። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ በየማለዳው በዚያ ሜዳ ላይ ልጃገረዶቹን የምታለማምደው ማን እንደሆነችና ደመወዟ ከየት እንደሚከፈል አብሮ ይጠየቅ። መልስ ካልተገኘለት የተሠራው ሜዳ ሳይሆን የልብስ ማስጫ ነው።