የዘበኛው ደመወዝና የአዝመራው ባለቤት

(ስለ ድርሰት መብት ጥበቃ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ደራሲ በብዕሩ፥ ዘፋኝም በድምፁ የሚያገኘው ፍሬ ገበሬ በሞፈሩ ከሚያገኘው ፍሬ የሚለይ አይደለም። ያለ ፈቃዱ የሚወስድበት ሰው ሁሉ የድካሙን ዋጋ ይነጥቀዋል። ስለዚህ የድርሰት መብት ሊጠበቅ ይገባል በሚለው ላይ ክርክር የለንም። ጥያቄያችን፥ ዘበኛው ማን ይሁን? ከጥበቃውስ የሚጠቀመው ማን ነው? የሚለው ነው።

ለዚህ ነገር የፈረንሳይ አገር ታሪክ ጥሩ ምስክር ይሆነናል። የአገሪቱ ፓርላማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሐዶፒ የሚባል መሥሪያ ቤት የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። አሠራሩም እንዲህ ነበረ። የመብቱ ባለቤቶች ማኅበራት ዘፈንና ፊልም ያለ ፈቃድ የተላለፈበትን የኢንተርኔት መስመር ቁጥር መዝግበው ያስተላልፋሉ፤ መስመሩን የሰጠው ኩባንያም የደንበኛውን ስምና አድራሻ አውጥቶ ያቀርባል። ከዚህ በኋላ ለደንበኛው አንደኛ ማስጠንቀቂያ፥ ቀጥሎም በአደራ ደብዳቤ ሁለተኛው ይደርሰዋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከተገኘ ግን ነገሩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊመራ ይችላል።

በመጀመሪያ የታሰበው ከዚህ የከበደ ነበረ፤ ይኸውም መሥሪያ ቤቱ ያለ ዳኛ በራሱ ሥልጣን የሰውን መስመር እንዲቆርጥ ነው። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ ምክር ቤት ጁን 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ይህን ሥልጣን ሻረው። በ1789 ዓ.ም. የታወጀው የሰው መብት መግለጫ ሐሳብን በነፃ መለዋወጥን ስለሚጠብቅ፥ በኢንተርኔት መጠቀምም በዚሁ መብት ውስጥ ስለሚገባ፥ ይህን ሊከለክል የሚችል ዳኛ ብቻ ነው ሲል ወሰነ።

ይህ ፍርድ እንዴት ያለ ጥበብ እንዳለበት ልብ በሉ። መስመሩ የሚመዘገበው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ሲቆረጥ ግን ልጅ ትምህርቱን፥ እናትም ሥራዋን ታጣለች። በ2012 ዓ.ም. በዚህ ሕግ መጀመሪያ የተቀጣው ሰው ነገር ይህንኑ ያስረዳል። ዘፈኖቹን የወሰደችው ሚስቱ መሆኗ ቢነገርም፥ በስሙ የተመዘገበውን መስመር አልጠበቅህም ተብሎ 150 ዩሮ ተቀጣ። መስመር የመቁረጡ ቅጣትም በ2013 ዓ.ም. ቀረ።

እንግዲህ ማን ተጠቀመ? በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የፈረንሳይ መንግሥት ለዚህ መሥሪያ ቤት ወደ 82 ሚሊዮን ዩሮ ሲያወጣ፥ የተወሰነው የቅጣት ገንዘብ 87 ሺህ ዩሮ ያህል ነበረ። እርሱም ቢሆን የመንግሥት ገቢ እንጂ ለደራሲው የሚደርስ አልነበረም። የዘበኛው ደመወዝ ከአዝመራው ሲበልጥ፥ እርሻው ለማን እንደሚታረስ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአሜሪካም በ2019 ዓ.ም. የቨርጂንያ ዳኝነት ሸንጎ ኮክስ የተባለው አቅራቢ ኩባንያ ደንበኞቹ ላጠፉት ጥፋት 1 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈርዶበት ነበር። የተፈረደውም ለከሳሾቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2024 ዓ.ም. የገንዘቡን ውሳኔ ቢሽረውም፥ ይህን ያህል ዕዳ የሚፈራ አቅራቢ ደንበኛውን ሳይጠይቅ መስመሩን ለመቁረጥ መቸኮሉ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ነጋዴው ሳይሾም ዳኛ ይሆናል።

ስለዚህ፥ አንባብያን ሆይ፥ እንዲህ ያለ ሕግ በደራሲ ስም ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ፈራጁ ማን ነው? የተከሰሰውስ ሰው ከመቀጣቱ አስቀድሞ መልስ የሚሰጥበት በር አለውን? ከሚሰበሰበውም ገንዘብ ስንቱ ለደራሲው ይደርሳል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከታጣ፥ የደራሲው ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ሆኖ ይቀራል።